ወቀሳው ለጊት አይገባም

አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ ስለሚመዘግበው ፕሮግራም) የጻፈውን ሰሞኑን አነበብኩት። ሲጨመቅ እንዲህ ይላል። ጊት ኮድ ለማስቀመጥ እንጂ ስለ ኮድ ታሪክ ለመጠየቅ አልተሠራም። «ይቺን መስመር ማን ነካት? መቼ? ለምን?» ስትለው ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ሪፖውን (ኮዱ ከነታሪኩ የተቀመጠበትን ማኅደር) ቆራርጦ ማውረድ ይሻላል። እሱም ካልበቃ የድሮውን ታሪክ ጠቅልሎ በአዲስ ኮሚት፣ ማለትም በአዲስ የታሪክ ምዝግብ፣ መጀመር ነው።

አንብቤ ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም። ከጸሐፊው ጋር ስንት ሌሊት ሰርቨር ስንጠብቅ ያደርን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ እርስዎ ምናምን የለም፣ አንተ እያልኩ በየነጥቡ እመልሳለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ገጠመኝ። ባለፈው ዓመት የአንድ ሱቅ የደረሰኝ ፕሮግራም ላይ የሳንቲም ልዩነት መጣ። ዋጋቸው 3 ብር ከ30 ሳንቲም የሆኑ 3 ዕቃዎች ናቸው። 15 በመቶ ቫት በየዕቃው 49.5 ሳንቲም ይመጣል፤ ወደ 50 ሲጠጋ ለሦስቱ 1 ብር ከ50 ይሆናል። ድምሩ ላይ አንዴ ብታሰላው ግን 148.5 ሳንቲም ነው፤ ሲጠጋ 1 ብር ከ49። የእኛ ኮድ በየዕቃው ያጠጋጋል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ደውላ «ይቺ አንድ ሳንቲም ከየት መጣች?» አለችኝ። እኔም «ይሄን ማን ነው የጻፈው!» ብዬ ጊት ብሌም፣ ማለትም እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካውን ሰው የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ መታሁ። መልሱ መጣ። እኔ ነኝ።

እኔ ደግሞ አልጻፍኩትም። እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብህ የጊት አሠራር ላይ ነው። ጊት የሚያስቀምጠው ልዩነት ብቻ ስለሆነ የድሮ ፋይል ለማየት ከመጀመሪያው ጀምሮ እየደመረ መምጣት አለበት፣ ታሪኩ በረዘመ ቁጥርም ይከብደዋል ትላለህ። ይህን ብዙ ሰው ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም። እያንዳንዱ ኮሚት የሚያመለክተው የፕሮጀክቱን ሙሉ ገጽታ ነው። ፎልደሮቹ ትሪ ይባላሉ፣ የፋይሎቹ ይዘት ብሎብ ይባላል፣ ሁሉም የራሱ ሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ የተሰላ መለያ፣ አለው። ያልተነካ ፋይል በሺህ ኮሚት ውስጥ ቢኖርም ሃሹ ያው ስለሆነ የሚቀመጠው አንዴ ነው። ልዩነት የሚባለው ነገር የሚመጣው ጊት ቦታ ለመቆጠብ ዕቃዎቹን በፓክ (በአንድ የታመቀ ፋይል) ሲያሽግ ነው። እዚያም ቢሆን ማን በማን ላይ እንደሚደገፍ የሚወሰነው በመመሳሰልና በመጠን እንጂ በቀን ቅደም ተከተል አይደለም። የሰንሰለቱ ርዝመትም በዲፎልት (አንተ ካልቀየርከው) ከ50 አያልፍም። የ20 ዓመት ታሪክ ያለው ፕሮጀክት የ20 ዓመት ድምር አይሠራም።

ታዲያ ጊዜው የት ይሄዳል? ኮሚት ለኮሚት በማነጻጸር። የቫቱ ፋይል «ቢሊንግ» ፎልደር ውስጥ ባለው «ታክስ» ፎልደር ውስጥ ነው እንበል። ጊት አንድን ኮሚት ከወላጁ (ከእሱ ቀድሞ ካለው ኮሚት) ጋር ሲያነጻጽር ከላይኛው ትሪ ይጀምራል። ሃሹ አንድ ከሆነ እዚያው ያበቃል። ግን ሰው የሚሠራበት ሪፖ ላይ የላይኛው ትሪ በየኮሚቱ ይለያያል። ስለዚህ ከፍቶ «ቢሊንግ» ተለውጧል ወይ ይላል። ከተለወጠ እሱንም ከፍቶ «ታክስ» ይላል። በመጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ «አይ፣ ፋይልህ አልተነካም» ብሎ ወደሚቀጥለው ኮሚት ያልፋል። 100,000 ኮሚት ካለህና ፋይልህን የነኩት 20 ከሆኑ 99,980 ጊዜ በባዶ ደክሟል ማለት ነው። ችግሩ ይሄ ነው። የፋይሉን ይዘት ማንበቡ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልስጥህ። ሜርኩሪያል የሚባለው እንደ ጊት ያለ ሌላ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ፋይል የራሱን መዝገብ ይይዛል፤ ስለዚህ የአንድን ፋይል ታሪክ ስትጠይቀው በቀጥታ ወደዚያ ፋይል መዝገብ ይሄዳል ያልከው እውነት ነው። ጊት በዚህ በኩል ሆን ብሎ ሌላ መንገድ መርጧል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 ሲጀምረው የታየው የፕሮጀክቱ አጠቃላይ ገጽታ እንጂ የአንዱ ፋይል የሕይወት ታሪክ አልነበረም። ግን መንገዱ ሌላ ነው ማለት አቋራጭ የለውም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብህ፦ ብሌም ሁልጊዜ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነባል። እዚህ ጋ ተመልከት። ብሌም የሚሠራው ወደ ኋላ ነው። አሁን ያለውን ፋይል ይይዝና ከወላጁ ጋር ያነጻጽራል። ወላጁ ውስጥም ያሉትን መስመሮች «የእኔ አይደሉም፣ የእሱ ናቸው» ብሎ ወደ ወላጁ ይገፋቸዋል። ያልተገፉት የዚህ ኮሚት ናቸው። እንዲህ እያለ የመጨረሻዋ መስመር ባለቤት እስክታገኝ ድረስ ይወርዳል። የሚቆመው ያኔ ነው።

አሁን ፋይልህን ክፈትና የመጀመሪያውን መስመር እይ። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የምትለዋ የላይሰንስ ኮመንት። ፋይሉ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ ማንም አልነካትም። ሙሉ ፋይሉን ብሌም ስታደርግ ጊት የእሷን ባለቤት ለማግኘት እስከ ፋይሉ ልደት ድረስ ይወርዳል። አንተ የፈለግከው ጥቂት መስመር ነው፤ እሱ ግን ማንም ላልጠየቀው ኮመንት አገር ያቆራርጣል።

መፍትሔው በጣም ቀላል ነው። ብሌምን ዳሽ ትልቁ ኤል (-L) 40,45 በለው። ከመስመር 40 እስከ 45 ያሉትን ብቻ ይከታተላል፣ የስድስቱም ባለቤት እንደተገኘ ይቆማል። መስመሮቹ ባለፈው ወር የተነኩ ከሆነ ፍለጋውም ባለፈው ወር ያበቃል። ኤዲተራችን በአንድ ክሊክ ሙሉ ፋይሉን ብሌም ስለሚያደርግልን ይቺን ነገር ረስተናታል። በጽሑፍህ ላይ የተማረርክበት ትእዛዝ ስንት መስመር ላይ እንደነበር አልጻፍክም። ሙሉ ፋይል እንደነበር ግን በዳቦ እወራረዳለሁ።

ብሌም የሚነግርህ የመጨረሻውን ነኪ ብቻ ነው። መስመሩ ያለፈበትን ሁሉ ማየት ከፈለግክ ይሄው ዳሽ ኤል ከጊት ሎግ (ኮሚቶቹን ከሚዘረዝረው ትእዛዝ) ጋርም ይሠራል። በ2013 ከጊት 1.8.4 ጋር የመጣ ነው። የመስመር ቁጥር መስጠት ትችላለህ፣ የፈንክሽን ስምም መስጠት ትችላለህ፤ ያንን ቦታ የነኩትን ኮሚቶች ከነዲፋቸው (ከተለወጡት መስመሮች ጋር) እየቆረጠ ያሳይሃል። በድሮው ዘመን በእርግጥ ያስለቅስ ነበር። የምታማርረው ያንን ከሆነ እስማማለሁ።

ግን ዘመኑ አልፏል፣ ይሄም ወደ ሦስተኛው ነጥብህ ያመጣኛል። ብሉም ፊልተር (ጊት ፍለጋውን የሚያፋጥንበት ዘዴ) ግምት ነው፣ ታሪክን የሚያህል ነገር በግምት አይታመንም ብለሃል። ከጽሑፍህ ሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው።

ብሉም ፊልተር በርተን ብሉም በ1970 ያወጣው ሐሳብ ነው። በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ አስበው። መዝገብ የለውም፤ የገቡትን ሰዎች መልክ በደፈናው ይዟል። «አበበ ዛሬ ገብቷል?» ስትለው ሁለት መልስ ብቻ አለው። «አልገባም» ካለ በቃ፣ ሂድ፤ በዚህ አይሳሳትም። «ሳይገባ አይቀርም» ካለ ግን ገብተህ ራስህ ታያለህ። አንዳንዴ አበበን ከሚመስል ሰው ጋር ያምታታበታል። ያኔ የምትከስረው ደረጃ የወጣህበትን ድካም ነው እንጂ የተሳሳተ መልስ ይዘህ አትመለስም።

ጊት ውስጥ እንዲህ ነው የገባው። በ2018 በወጣው 2.18 ኮሚት-ግራፍ የሚባል ፋይል መጣ፤ የኮሚቶቹን ዝምድና በአንድ ቦታ ጠቅለል አድርጎ ይይዛል። በ2020 በ2.27 ደግሞ እዚያው ፋይል ላይ ለእያንዳንዱ ኮሚት «እነዚህን ፋይሎችና ፎልደሮች ነክቻለሁ» የሚል ትንሽ ብሉም ፊልተር ተጨመረ። በስም 10 ቢት፣ 7 ጊዜ ሃሽ። በዚህ ልኬት ዘበኛው የሚያምታታው ከ100 አንዴ ገደማ ነው። በዚያው ዓመት ብሌምም ሎግ ዳሽ ኤልም ዘበኛውን መጠየቅ ጀመሩ።

ወደ 100,000ዎቹ ኮሚቶች እንመለስ። አሁን ጊት ትሪ ሳይከፍት ዘበኛውን ይጠይቃል። 99,000 ገደማ የሚሆኑት ላይ «አልተነካም» ይባልና ይታለፋል። እውነተኛዎቹ 20ና በስህተት የተጠረጠሩት 1,000 ገደማ ብቻ ይከፈታሉ። ለእነሱም ትሪው ተከፍቶ በሃሽ ይረጋገጣል። ግምት ያልከው ነገር የመጨረሻው መልስ ውስጥ በጭራሽ አይገባም።

ለምን አላየኸውም? ምክንያቱም በዲፎልት አይበራም። ይሄ የጊት ጥፋት ነው፣ እዚህ ላይ ብትወቅሰው አብሬህ እወቅሳለሁ። ጊት ጂሲ (ሪፖውን የሚያጸዳው ትእዛዝ) ኮሚት-ግራፉን በራሱ ይጽፋል፤ ፊልተሩን ግን አንተ ካልጠየቅከው አይጽፍም። አንዴ ሪፖው ውስጥ ሆነህ «ጊት ኮሚት-ግራፍ ራይት» ብለህ «ዳሽ ዳሽ ሪቸብል»ና «ዳሽ ዳሽ ቼንጅድ-ፓዝስ» ትጨምራለህ። ትልቅ ሪፖ ከሆነ ቡና አፍልተህ ትመለሳለህ። ከዚያ በኋላ ፊልተሩ አንዴ ስላለ በሚቀጥሉት ጽሕፈቶችም ይቀጥላል። «ጊት ሜንተናንስ ስታርት» ካልክ ደግሞ ከበስተጀርባ እያደሰው ይሄዳል።

ተአምር አይደለም፣ ወሰን አለው። ፊልተሩ የሚያውቀው ከመጀመሪያው ወላጅ ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው፤ መርጅ ኮሚት (ሁለት የሥራ መስመር የሚያዋህድ ኮሚት) ላይ በሁለተኛው ወላጅ በኩል አይረዳህም። ከ512 በላይ ፋይል የነካ ኮሚት ፊልተር አይሠራለትም። ብሌምን ከሌላ ፋይል የተቀዳ ኮድም ፈልግ ብለህ ዳሽ ትልቁ ሲ ከሰጠኸው ዘበኛው ጭራሹን ይሰናበታል፤ የተቀዳው ከየትም ሊሆን ስለሚችል። አንተ በጽሑፍህ ያሳየኸው ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ዳሽ ሲ አለው። ወንድሜ፣ እሱ እኮ «ዓለምን ሁሉ ፈትሽ» ማለት ነው!

አንድ ለእኛ ለአማርኛ ሰዎች የሚሆን ነገር ጣል ላድርግ። በመጀመሪያው የፊልተር ስሪት ሃሹ ላይ ስህተት ነበር። ከአስኪ (ከተለመዱት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች) ውጭ የሆነ ፊደል ያለበት የፋይል ስም እንደ ማሽኑ ዓይነት የተለያየ ሃሽ ይሰጥ ነበር። «ደረሰኝ» ብለህ በግዕዝ ፊደል ፋይል የሰየምክ ከሆነ የሚመለከትህ አንተን ነው። አንዱ ማሽን ላይ የተጻፈ ፊልተር ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ሲነበብ ነው ችግሩ የሚመጣው። በ2024 በወጣው 2.46 ሁለተኛው ስሪት መጣና ተስተካከለ። ዘበኛው አይሳሳትም ያልኩት ስሙን በትክክል ከሰማ ነው።

አራተኛው ነጥብህ፣ ሪፖውን ቆርጦ ማውረድ። «ዳሽ ዳሽ ዴፕዝ 1» ብለህ ክሎን ስታደርግ፣ ማለትም ሪፖውን ከመጨረሻው ኮሚት ጋር ብቻ ስታወርድ፣ ፈጣን ነው፣ እውነት ነው። ከዚያ ብሌም በለው። ሁሉም መስመር የአንድ ሰው ይሆናል፣ ከሃሹ ፊት ደግሞ «^» ምልክት ይቆማል። ጊት «ከዚህ በላይ ስለማላውቅ እዚህ ቆሜያለሁ» እያለህ ነው። ምልክቷን ያላስተዋለ ሰው ትናንት የተቀጠረውን ልጅ የአምስት ዓመት ስህተት ያሸክመዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይሄ ነው።

ሌላው ምክርህ ደግሞ ይብሳል። ብሎብ አልባ ክሎን፣ ማለትም ኮሚቶቹንና ትሪዎቹን አውርዶ የፋይሎቹን ይዘት ሲያስፈልግ ብቻ ማምጣት። ለዕለት ሥራ ደስ ይላል። ለብሌም ግን መከራ ነው። ብሌም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር የፋይሉን የድሮ ይዘት ይፈልጋል፣ የለም፣ ወደ ሰርቨሩ ይልካል፣ ይጠብቃል፣ ያገኛል፣ እንደገና አንድ እርምጃ። ኢንተርኔት እየመጣ በሚሄድበት ቢሮ ይህን የሞከረ ሰው ያውቀዋል። በ2025 በወጣው 2.49 «ጊት ባክፊል» የሚል ትእዛዝ መጥቷል፤ የጎደሉትን ብሎቦች በጅምላ ያወርዳል። እሱን ካልተጠቀምክ ግን አንድ ሌሊት ታግሰህ ሙሉውን ክሎን አድርግ።

አምስተኛው፦ ዳሽ ኤስ (-S፣ በጊት ሎግ ቃል መፈለጊያው) ካለ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ዳሽ ኤስን እኔም እወደዋለሁ። ግን የሚቆጥረው የቃሉን ብዛት ነው። «ቫት = 0.15» የሚል መስመር አለህ እንበል። «ቫት» ብለህ በዳሽ ኤስ ትፈልጋለህ። አንድ ሰው 0.15ን ወደ 0.10 ቢቀይረው «ቫት» የሚለው ቃል ከለውጡ በፊትም አንድ፣ ከለውጡ በኋላም አንድ ነው። ብዛቱ ስላልተለወጠ ኮሚቱ አይታይህም። ገንዘብ ያጎደለው ኮሚት እሱ ነው፣ አንተ ግን አላየኸውም። ዳሽ ጂ ግን ያየዋል፤ የሚመለከተው የተጨመሩና የተቀነሱ መስመሮችን ስለሆነ። ሎግ ዳሽ ኤልም ያየዋል። በተጨማሪ መርጅ ላይ ኮንፍሊክት (የለውጦች ግጭት) ሲፈታ የጠፋ መስመር ከሆነ ዳሽ ኤም ካልጨመርክ ዳሽ ኤስ አያገኘውም፤ ጊት ሎግ በዲፎልት የመርጅ ኮሚትን ዲፍ አይመለከትም።

ፍጥነትን በተመለከተ ደግሞ ዳሽ ኤስን ያለ ፋይል ስም ከሰጠኸው በእያንዳንዱ ኮሚት የተለወጠውን ፋይል ሁሉ ከፍቶ ቃል ይቆጥራል። ስም ስላልሰጠኸው ዘበኛውም ምን ይጠየቅ? የፋይል ወይም የፎልደር ስም ጨምርበትና ልዩነቱን እይ።

ባይሴክትን፣ ታሪኩን ለሁለት እየከፈለ ያበላሸውን ኮሚት የሚፈልገውን ትእዛዝ፣ አወድሰሃል፣ ልክ ነህ። 100,000 ኮሚትን በ17 ሙከራ ይጨርሳል። ግን የሚመልሰው «መቼ ተበላሸ» የሚለውን ነው። የእኔ መስመር ተበላሽቶ አያውቅም፤ እኔ የፈለግኩት ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ነው።

የመጨረሻው ምክርህ ታሪኩን ጠቅልሎ አዲስ መጀመር ነው። የኮድ ፎርማተር (የኮዱን አጻጻፍ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ሁሉንም ፋይል ነክቶ ብሌምን ካበላሸው የድሮው ታሪክ ምን ይሠራል ብለሃል። ሊነስም ያደረገው ይህንኑ ነው ትላለህ። አዎ፣ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ወደ ጊት ሲገባ በሚያዝያ 2005 ከ2.6.12-አርሲ2 ስሪት ነው የጀመረው። በኮሚቱ መልእክት ላይም ሙሉ ታሪኩ ቢኖርም ለማስገባት እንዳልተጨነቀ፣ ቢገባ 3.2 ጊጋባይት እንደሚሆን ጽፏል። ያኔ ለተወለደ መሣሪያ ከባድ ነበር። ውጤቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። በከርነሉ ውስጥ ያረጀ መስመር ብሌም ስታደርግ እዚያች ኮሚት ላይ ደርሰህ በሩ ይዘጋል። ሰዎች በኋላ የድሮውን ታሪክ ለብቻው ሪፖ አድርገው ከአሁኑ ጋር መቀጠል የሚቻልበትን መንገድ የሠሩት ስለናፈቁት ነው።

ለፎርማተር ጣጣ ግን ታሪክ ማጥፋት አያስፈልግም። ከ2019 ጀምሮ፣ ከ2.23 ማለት ነው፣ ብሌምን «ይቺን ኮሚት ዝለላት» ማለት ይቻላል። የሚዘለሉትን ኮሚቶች ሙሉ ሃሽ አንድ ፋይል ውስጥ ትጽፋለህ፣ ፋይሉን በኮንፊግ ትጠቁመዋለህ፣ አለቀ። ፋይሉን ከፊቱ ነጥብ አድርገህ «ጊት-ብሌም-ኢግኖር-ረቭስ» በሚለው የተለመደ ስም ከሰየምከው ጊትሀብም (ሪፖ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ያነበዋል። የተለወጠው ክፍተት ብቻ ከሆነ ዳሽ ትንሹ ደብሊው ይበቃል፤ መስመር ከተሰባበረ ግን አይበቃም። ሎግ ዳሽ ኤል ይህን ፋይል እንደማያይ ግን እወቅ፤ ለብሌም ብቻ ነው።

እኔም የቫቱን መስመር የጻፍኩት እንዲህ ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት ፎርማተር አስሮጬ «ፎርማት» ብዬ ኮሚት ያደረግኩት እኔ ነኝ። መስመሩን ለሁለት ሰብሮት ስለነበር ባለቤትነቱ ወደ እኔ ዞረ። ያቺን ኮሚት የሚዘለሉት ፋይል ውስጥ ጻፍኳትና እንደገና ብሌም አልኩ፣ ስድስት መስመር ላይ ብቻ። እጄን ከኪቦርዱ ሳላነሳ መጣ።

የኮሚቱ መልእክት ሁለት መስመር ነው። የሱቁ ካሽ ሬጂስተር በየዕቃው ስለሚያጠጋጋ እኛም በየዕቃው ካላጠጋጋን ደረሰኙና ማሽኑ በሳንቲም ይለያያሉ ይላል። «አስተካክላለሁ» ብዬ ድምሩ ላይ ባጠጋጋው ኖሮ በየቀኑ ማታ የማሽኑ ሪፖርትና የእኛ ሪፖርት አይገጥሙም ነበር። ሒሳብ ሠራተኛዋን ደውዬ አስረዳኋት። ሳንቲሟም ቦታዋ ላይ ቀረች።

ታሪኩ ተጠቅልሎ ቢሆን ያቺ መልእክት አትኖርም። ስሙን ሳይ ደግሞ ሳቄ መጣ። የጻፍከው አንተ ነህ። ጊት 01:12 ይላል፤ በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ12።